ስሙ የማን ይጻፍ? የክርና የስፌት ዐውደ ርዕይ በደብረ ማርቆስ

መንቆረር (ይህን የውይይት ክር የከፈተ)

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሠፈር ሰዎች በበጎ ፈቃድ የምናንቀሳቅሳት አንዲት ጋለሪ አለች። ጋለሪ ስል ኖራ የተቀባ የድሮ የእህል መጋዘን ማለቴ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ ሁለት፣ ወለሉ ሲሚንቶ። እስከ ዛሬ የሰቀልንባት ሥዕልና ፎቶግራፍ ብቻ ነበር። ዘንድሮ ክር፣ ሣር፣ ቆዳ፣ ቃጫና የተገኘው ሁሉ የተቀላቀለባቸውን ሥራዎች ልናሳይ ነው። ከዚሁ ከከተማው፣ ከቢቸና፣ ከዳንግላና ከባሕር ዳር ሥራ መጥቶልናል፤ መንገዱ ያልፈቀደላቸው በሰው አስይዘው ልከዋል።

ለእኔ የተሰጠኝ ቀላሉ ሥራ ነው ተብሏል፤ ከየሥራው ጎን የሚለጠፈውን ወረቀት መጻፍ። ስም፣ ርዕስ፣ ቁስ፣ ዓመት፣ ዋጋ። ከመጀመሪያው መስመር ማለፍ አልቻልኩም።

በሩን ከፍታችሁ ስትገቡ ፊት ለፊት የምታዩት ሥራ ይህን ይመስላል። አንድ አሮጌ ቡሉኮ ከመጋጠሚያው ተተርትሮ ለሁለት ተከፍሏል። መሐል ለመሐል የገባው ከአለላ (በቀለም ከተነከረ የስፌት ሣር) የተሰፋ ረጅም ንጣፍ ነው፤ እንደ መሶብ አይዞርም፣ እየተመላለሰ ወደታች ይወርዳል፣ ቀይ፣ ሐምራዊ፣ አረንጓዴ፣ ከዚያ ድንገት ቀለም ያልነካው ሣር። ከግርጌው የቀንበር ምራን (የቆዳ ጠፍር) እንደ ዘርፍ ተንጠልጥሏል። ሐሳቡን ያመጣችው፣ ቡሉኮውን የተረተረችውና ሁሉንም የገጣጠመችው አንዲት ወጣት ሠዓሊ ናት። ጥጡን የፈተሉት ግን አያቷ ናቸው። የሸመነው ሌላ ሰው ነው። አለላውን የሰፉት ደግሞ የጎረቤት እናት ናቸው፤ በቀን ሒሳብ ተከፍሏቸዋል። የማንን ስም ልጻፍ?

ርዕሱንም ሠዓሊዋ «ርዕስ የለውም» ብላዋለች። ወለሉን ሲያጸዱልን የነበሩ አንድ እናት ይህን ሰምተው «ክርስትና ሳይነሣ ነው ሰው ፊት የምታወጡት?» አሉን።

ሌላም አለ። ቡሉኮው ይከብዳል፤ በሚስማር ብንሰቅለው ይቀደድብናል ብለን ፈርተናል። ሰው እንዲነካ እንፍቀድ አንፍቀድ በሚለውም አልተስማማንም። የምታውቁ እርዱን።

ነጭ ግድግዳ

የሠዓሊዋን ስም ጻፍ፤ አለቀ። ሐሳቡ የእርሷ ነው። ሥዕል ሲሰቀል ሸራውን የሸመነው ፋብሪካ፣ ቀለሙን የበጠበጠው ኩባንያ አይጠቀስም። ኤል አናትሱይን ተመልከት፤ የጋናው ተወላጅ ናይጄሪያ ንሱካ ባቋቋመው አውደ ሥራው ብዙ ረዳቶች የጠርሙስ ክዳን በመዳብ ሽቦ ሲያያይዙለት ኖረዋል፤ ሥራው የሚጠራው ግን በእርሱ ስም ነው። ዓለም የሚሠራው እንዲህ ነው።

የሸማኔ ልጅ

ነጭ ግድግዳ፣ ሸራውና ቡሉኮው አንድ አይደሉም። ሸራ ቀለም ሲቀባ ከዓይን ይሰወራል፤ የተሠራውም ለዚያ ነው። እዚህ ግን ሰው ቆሞ የሚያየው ሽመናውን ራሱን ነው።

አባቴ ሸማኔ ነበር። እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አውርዶ፣ መርገጫውን በእግሩ ጣት ይዞ፣ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ ሲሰድ ይውል ነበር፤ ቀሰም የማጠነጥንለት እኔ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ስሄድ «የቁጢት በጣሽ ልጅ» እባላለሁ። እንዲህ የሚሉኝ ልጆች አባቶቻቸው እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙት አባቴ የሸመነውን ኩታ ተከናንበው ነው። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ፣ ነጋዴውን መጫኛ ነካሽ እያሉ መሳደብ እንዲቀር አዝዘው ነበር። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ እኔ ዘንድ እስኪደርስ ዕድሜ አገኘ። ለስድብ ሲሆን ሸማኔ መሆኑ የሚታወቅ ሰው፣ ለምስጋና ሲሆን ስሙ የሚጠፋበት ምክንያት አይታየኝም።

መንቆረር፣ የቡሉኮውን ጠርዝና መጋጠሚያውን በቅርብ ፎቶ አንሥተህ ብትለጥፍልኝ ደስ ይለኛል።

ነጭ ግድግዳ

ጋሼ፣ በአባትዎ ላይ የደረሰው ያሳዝናል፤ ከልቤ ነው። ግን የዘመናት በደል በወረቀት ቁራጭ አይካስም። ተመልካቹ ወደ ሥራው ከመድረሱ በፊት የስም ዝርዝር ሲያነብ ይደክመዋል። ወረቀቱ ከሥራው እንዳይበልጥ ነው የምለው።

ስንደዶ ቆራጭ

እኔ ስፌት እሰፋለሁ፤ እናቴም ትሰፋ ነበር። ከስም በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ። ቀለሙን ማን ደረደረው?

እንዴት እንደሚሠራ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ስንደዶ፣ ማለትም አለላ የሚሆነው ሣር፣ የሚቀጨው ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ ካለፈ ይጠነክርና ይሰበራል። ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ግማሹ በቀለም ይነከራል። ሲሰፋ ውኃ ይርከፈከፍበታል፤ አለዚያ ይቆርጣል፣ ጣትም ያደማል። በወስፌ ትወጊያለሽ፣ ታሾልኪያለሽ፣ ታጠብቂያለሽ። ሌላ የለውም፤ ያንኑ መድገም ነው። ነገር ግን ሐምራዊው የት አልቆ አረንጓዴው የት እንደሚጀምር በየዙሩ የምትወስነው እጇ ያለባት ሴት ናት። ቆጥራ ነው የምትገባው፤ አንድ ጥልፍ ከሳተች የአበባው ጫፍ ይጣመማል። ይህን በወረቀት ላይ ነድፎ የሚሰጣት የለም።

ስለዚህ መልሱ ቀላል ነው። ሠዓሊዋ ንድፉን ሠርታ፣ ከዚህ እስከዚህ ቀይ፣ ከዚያ ሐምራዊ ብላ ሰጥታቸው ከሆነ፣ ሴትዮዋ ሠራተኛ ናቸው፤ ቢመሰገኑ ጥሩ ነው፣ ባይመሰገኑም ገንዘባቸውን ወስደዋል። «እንደሚታይዎት ይስፉልኝ» ብላ ከሆነ ግን ያ ንጣፍ የእርሳቸው ሥራ ነው፤ ሠዓሊዋ ያደረገችው ሁለት ሥራ ማጋጠም ነው። እርሱም ሥራ ነው፤ አልናቅሁትም።

መንቆረር

እንደሚታይዎት ይስፉልኝ ነው ያለቻቸው። ጠይቄያታለሁ። ቀለም ያልነካው ሣር የገባው ደግሞ አለላው ስላለቀባቸው ነው፤ ሠዓሊዋ አይታ «ይህንንማ እንዳይነኩት» አለቻቸው። ሥራው ላይ ሁሉም ሰው የሚቆምበት ቦታ እርሱ ነው።

ስንደዶ ቆራጭ

እንግዲያው ሁለቱም ሠሩት። አንዷ ሰፋች፣ አንዷ አየች።

ጠበቃ ነኝ

በአጭሩ፦ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪው ስሙ እንዲጠቀስ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ክፍያ መቀበል ብቻውን ስምን አያስቀርም። ማን የሥራ አመንጪ ነው የሚለው ግን በፍሬ ነገሩ የሚታይ ስለሆነ የስንደዶ ቆራጭ ጥያቄ ትክክለኛው ጥያቄ ነው። ፍርድ ቤትም ቢሆን ከዚያ ነው የሚጀምረው።

ጣና ዳር

ስለ አሰቃቀሉ የምትከራከሩበት ጊዜ ሳያልፍ ልናገር፤ ከጨርቃ ጨርቅ ጋር የቆየሁ ሰው ነኝ።

ሚስማር በፍጹም አይሆንም። ክብደቱ በሙሉ በጥቂት ነጥቦች ላይ ስለሚያርፍ ቀዳዳው በየቀኑ ይሰፋል። ከቡሉኮው ጀርባ፣ በላይኛው ጠርዝ በኩል፣ ሙሉውን ስፋት የሚሸፍን የአቡጀዲ ከረጢት ስፉበት፤ ሁለቱም ጫፉ ክፍት ይሁን። በመርፌ ስትሰፉ አንድ ክር ብቻ አትያዙ፤ ብዙ ክር አብራችሁ ያዙ፣ አታጥብቁት። ከዚያ የታላገ እንጨት አሾልካችሁ እንጨቱን ስቀሉት። ክብደቱ እኩል ይከፋፈላል፤ ከፊት ምንም አይታይም። ድሩ ወደታች እንዲወርድ አድርጋችሁ ስቀሉ፤ ሲሸመን ተወጥሮ የቆየው እርሱ ስለሆነ ጭነት ይችላል። ማጉ (በአግድም የገባው ክር) ላይ ካንጠለጠላችሁት ይለጠጣል።

ምራኑ ቅባት አለው። ቆዳው ጥጡን በሚነካበት ቦታ ሁሉ ጣልቃ የሚገባ ጨርቅ አድርጉ፤ አለዚያ ከጥቂት ወራት በኋላ ቢጫ እድፍ ታዩበታላችሁ፤ እርሱ ደግሞ አይለቅም።

መስኮቶቹን በአቡጀዲ ሸፍኑ። ለጨርቅና ለተነከረ ሣር ቤተ መዘክሮች የሚፈቅዱት ብርሃን 50 ሉክስ ገደማ ነው፤ ደብዘዝ ያለ ሳሎን ማለት ነው። ብርሃን ያደረሰው ጉዳት እየተደመረ ይሄዳል እንጂ ሌሊት አርፎ አይመለስም። የገበያ ቀለም ደግሞ ፀሐይ አይችልም።

አሮጌ ቡሉኮ ነው ካላችሁ፣ በተለይ የበግ ጸጉር ያለበት ሌላ ሥራ አብሮት የሚሰቀል ከሆነ፣ ብሉን አስቡበት። መድኃኒት አትንፉበት። በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ፣ አየሩን አስወጥታችሁ፣ አፉን በፕላስተር ዘግታችሁ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆዩት። ሲወጣ ፕላስቲኩን ወዲያው አትክፈቱ፤ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ጠብቁ፣ አለዚያ ጤዛው ጨርቁ ላይ ይወርዳል። መብራት ለረጅም ሰዓት ከጠፋ ቆጠራው እንደገና ይጀመራል።

መንቆረር

እግዚአብሔር ይስጥልን። ማቀዝቀዣ ያለው የሆቴል ባለቤት ማግባባት ሊኖርብን ነው። «ቡሉኮ ከሥጋ ጋር?» ይለኛል።

የዳንግላዋ

የበግ ጸጉሩ ሥራ የእኔ ነው፤ አደራ ማቀዝቀዣው ውስጥ እርሱንም ክተቱልኝ። ፀጉሩን እኔው ነኝ ያባዘትኩት፣ የፈተልኩትም እኔ፤ ስለ ስሙ ክርክር የለብኝም። ከእርሱ ጋር ያጋመድኩት የማዳበሪያ ከረጢት ነው። ጆንያውን ተርትሬ ነጭና አረንጓዴ ክሩን አወጣሁ፤ እንደምታውቁት ገበሬው ሁሉ ገመድ የሚያደርገው እርሱን ነው። ችግሩ ያልቃል እንጂ አይበሰብስም፤ ፀሐይ ሲያገኘው እየተቦነነ ይረግፋል። ወለሉ ላይ ነጭ ብናኝ ካያችሁ የእኔ ሥራ ነው፤ ጥረጉት፣ አትደንግጡ።

ዓባይ ማዶ

ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው፤ ክሩን ሳነብ ቀናሁ። ለነገሩ ሽመናና ክር ጋለሪ መግባቱ አዲስ ነገር አይደለም። አኒ አልበርስ የተባለች ሸማኔ በ1949 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ባለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ብቻዋን አሳይታለች። ፖላንዳዊቷ ማግዳሌና አባካኖቪች በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ቃጫ እየሸመነች፣ ከወደብ የተጣለ ገመድ እየፈታች፣ ሰው ውስጡ የሚገባበትን ያህል ግዙፍ ሥራ ከጣሪያ ታንጠለጥል ነበር። ከእኛ ኤልያስ ስሜ አለ፤ ክርና ቁልፍ ሸራ ላይ እየሰፋ ነው የጀመረው፣ በኋላ የተጣለ የኮምፒውተርና የስልክ ሽቦ ወደ መሸመን ሄደ። አብሮ የመሠረተውን፣ መካኒሳ ያለውን ዞማ ሙዚየም ያዩ ሰዎች የጭቃውን ግድግዳ ይነግሯችኋል።

ሥራዎቹ እዚያው ከሚቀሩ አዲስ አበባ ቢመጡ ብዙ ሰው ያያቸው ነበር። እዚህ ቦታ በማፈላለግ መርዳት እችላለሁ።

እንግጫ

«እዚያው ከሚቀሩ» ነው ያልከው ወንድሜ? እኛ የት ያለን መሰለህ?

የሸማኔ ልጅ

አዲስ አበባ ካልደረሰ ያልተሠራ የሚመስለን እስከ መቼ ነው። ጎጃሜውስ መቼ ይየው?

ዓባይ ማዶ

አነጋገሬ ከፍቶ ከሆነ ይታለፍልኝ፤ ሰው ይየው ማለቴ ነው። አያቴም የደጀን ሰው ናቸው።

አስተናጋጅ

የአዲስ አበባና የክፍለ ሀገር ክርክር ሌላ ክር ይከፈትለት። ወደ ርዕሱ ተመለሱ። «ድር ቢያብር»ን የሚጠቅስ ሰው ጽሑፉ ይሰረዛል፤ ጠዋት ብቻ ሦስት አጥፍቻለሁ።

እንግጫ

ስለ መንካት የተነሣውን ልመልስ። እንዲህ ያለ ሥራ አይታችሁ እጃችሁን ወደኋላ አድርጋችሁ መሄድ የምትችሉ ከሆነ የሐውልት ልጆች ናችሁ። እኛ በዘመን መለወጫ ሰሞን ሜዳ ወርደን እንግጫ ነቅለን ጎንጉነን ያደግን ነን፤ ሣር የምናውቀው በጣታችን ነው። ለልጆች አንድ ጥግ ስጧቸው፤ እንግጫ፣ ቃጫ፣ የተባዘተ ጥጥ፣ አንድ እንዝርት አስቀምጡ። አያቶች ከመጡ ራሳቸው ያስተምራሉ፤ አስተማሪ አትፈልጉ።

ጣና ዳር

እንግጫ ያለችው ጥሩ ነው። ከእያንዳንዱ ሥራ አጠገብ ከዚያው ቁስ የተሠራ ትንሽ ቁራጭ ስቀሉና «ይህን ንኩ» በሉ፤ ዋናውን ተዉት። በተለይ በገበያ ቀን ቅቤ የነካ እጅ ይበዛል።

ጣና ዳር

አንድ ነገር ረስቼ። ከባሕር ዳር የመጣው ሥራ ታንኳ ነው ብለው ነገሩኝ፤ ከደንገል ነው ወይስ ከእንቦጭ?

መንቆረር

ከእንቦጭ። የደረቀ የእንቦጭ ግንድ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ የተሠራ ታንኳ ነው፤ ውስጡ የአሣ መረብ ቁርጥራጭና የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶበታል። ሠሪው ደንገሉን ትቼ እንቦጭ የያዝኩት ሐይቁ ዳር የቀረኝ እርሱ ስለሆነ ነው ብሏል። የነገደ ወይጦ ሽማግሌዎች ናቸው አስተሳሰሩን ያሳዩት፤ ስማቸውን ራሱ ጽፎ ልኳል፣ ሦስቱንም። በዚህ ሥራ ወረቀት አልተቸገርኩም።

ጣና ዳር

ግሩም ነው። ግን አበባ ወይም ሥር የቀረበት እንዳይሆን አንድ በአንድ እዩት። እንቦጭ ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ምን እንዳደረሰ እናንተም ታውቃላችሁ። ዘሩ ደርቆም ከ15 ዓመት በላይ ነፍስ ይዞ ይቆያል። ግንዱ ብቻ ከሆነ ችግር የለውም። ዐውደ ርዕዩ ሲያልቅ ግን ጥራጊውን አቃጥሉት እንጂ ወደ ውሰታም ወደ ጨሞጋም እንዳትደፉት። አንድ ሐይቅ ይበቃናል።

ነጭ ግድግዳ

ይህ ታንኳ ጥሩ ሥራ ይመስላል፤ ፎቶው ይለጠፍ። የሦስቱ ሽማግሌዎች ስም ግን ያንኑ ጥያቄዬን ያስነሣል። አስተሳሰሩን ያሳየ ሁሉ ደራሲ ከሆነ፣ ሥዕል ያስተማረኝ መምህር ስም ከሥዕሌ ሥር ይጻፍ?

ጣና ዳር

ከየትኛው ወገን እንደምናይ ይወስነዋል። ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገብተህ ታውቅ እንደሆነ፣ የመቅደሱ ሥዕል በቀጥታ ግድግዳው ላይ የተሣለ አይደለም፤ የጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ ጭቃው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነው። ጥጥ፣ ሙጫ፣ ቀለም፣ ጭቃ። እናንተ ዛሬ ቅልቅል ቁስ የምትሉት አገራችን ውስጥ ስም ሳይወጣለት የኖረ ነው። በአብዛኛው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ የሸማኔው ስም የለም፣ የሠዓሊውም ስም የለም። ያሠራው ባለጸጋ ግን ከሥዕሉ ግርጌ ተደፍቶ ተሥሏል፤ ስሙም ተጽፏል። የሠዓሊው ስም መጻፍ አለበት ብለን የተስማማነው እኮ በቅርብ ነው። ያኔም «ሥዕሉ ይበቃል፣ ስም ምን ያደርጋል» ያለ አይጠፋም ነበር።

የቢቸናው

ከእኛ አገር የወጡት ሠዓሊ ቄስ አዳሙ ተስፋው ስማቸው ባሕር ማዶ ድረስ የታወቀው ስማቸው ስለተጻፈ ነው። ያልተጻፈላቸው ስንት ነበሩ።

መንቆረር

አዲስ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ዛሬ አለላውን የሰፉትን እናት ቤታቸው ሄጄ አነጋገርኳቸው። ስምዎን ግድግዳው ላይ ልንጽፍ ነው አልኳቸው። ሥራቸውን አላቆሙም፤ ወስፌው እጃቸው ላይ ነው። «ስሜ ግድግዳ ላይ ቢወጣ ምን ያደርግልኛል ልጄ? ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀኛል። ከተሸጠ ምን አለኝ?»

ምን ልመልስላቸው? ጋለሪዋ ከሽያጭ ድርሻ አትወስድም፤ በር ላይ ለመብራትና ለኖራ የሚሆን የመዋጮ ሣጥን ብቻ ነው ያለን። ገንዘቡ በሙሉ ለሠዓሊዋ ነው የሚሄደው።

ስንደዶ ቆራጭ

አበጀች! እኛ ስለ ስም ስንጨቃጨቅ እርሷ ከዋናው ገባች።

በቀን ሒሳብ የተከፈላት እንደ ዕቃ ነው። መሶብ ሸጣ ቢሆን ዋጋውን ራሷ ትቆርጥ ነበር። አሁን ግን የሰፋችው ጋለሪ ገብቶ ዋጋው ሲያድግ፣ ዕድገቱ ለሌላ ሰው ይሄዳል።

ነጭ ግድግዳ

ይህን እቀበላለሁ። ከስም ይልቅ በገንዘቡ እስማማለሁ፤ ስም ማንንም አያበላም። ሆኖም ሠዓሊዋም ድሃ ናት፤ ቡሉኮው ባይሸጥስ? ለሴትዮዋ አስቀድማ ከፍላለች። ኪሳራው የእርሷ ብቻ ሆኖ ትርፉ የጋራ ሊሆን አይችልም።

የሸማኔ ልጅ

አባቶቻችን ይህን ጨርሰውታል። መሬት ያለው ከበሬ ካለው ጋር ሲያርስ የእኩል ወይም የሲሶ ይዋዋል ነበር፤ ዘሩን ማን እንዳወጣ አስቀድሞ ይነገራል፣ ምርቱ ሲገባ መጀመሪያ ዘሩ ይነሣል፣ የቀረው ይከፈላል። እዚህም የቀን ሒሳቡ ዘር ነው። ከሽያጩ መጀመሪያ ሠዓሊዋ ያወጣችውን ታንሣ፤ የቀረውን እንደ ውላቸው ይካፈሉ። ካልተሸጠ ሴትዮዋ የያዙትን ይዘዋል።

ፎቶውን አየሁት፤ አመሰግናለሁ። ጠርዙ ላይ የሸማኔው ምልክት የሚሆን ጥለት የለም፤ ማን እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። ነገር ግን ድሩን በደንብ ተመልከቱት። አንዱ ክር ወፈር ይላል፣ ቀጥሎ ያለው ይቀጥናል፣ መሐሉ ላይ ቋጠሮ አለ። የእጅ ፈትል ነው። ዛሬ አብዛኛው ሸማኔ ድሩን በፋብሪካ ክር አድርጎ ማጉን ብቻ በእጅ ፈትል ይሠራል፤ ይህ ግን ድሩም ማጉም ከእንዝርት የወረደ ነው። እንዲህ ያለውን ድር ሳይበጠስ መወጠር ለሸማኔው ፈተና ነው፤ እጁን አደንቃለሁ። የፈተሉት አያትም ተራ ፈታይ አልነበሩም። ለድር የሚሆን ፈትል ጠንካራ መሆን አለበት፤ ሁሉም ሴት አይችለውም። በሕይወት ካሉ መጥተው ይዩት።

መንቆረር

በሕይወት አሉ፤ ዓይናቸው ግን ደክሟል። የልጅ ልጃቸው ታመጣቸዋለች። ጣና ዳር ይቅርታ አድርግልኝ፤ እርሳቸው ዋናውን ቢነኩ የሚከለክል ሰው አላስቀምጥም።

ጣና ዳር

ለእርሳቸው ተፈቅዷል።

መንቆረር

ሁለቱን ዛሬ አንድ ላይ አገናኘናቸው፤ ሠዓሊዋንና እናትየዋን። ስምምነቱ የጋሼን መንገድ የተከተለ ነው፤ ወጪው ይነሣና የቀረው የእኩል። ድርድሩ ላይ እናትየዋ ሌላ ነገር ጨመሩ፤ እንዲህ ያለ ሥራ ከሌላ ሰው ከታዘዘ አለላውን የምሰፋው እኔው ነኝ፣ ዋጋውንም እኔው እናገራለሁ። ሠዓሊዋ እሺ አለች። ከዚያ በኋላ ነው «በሉ እንግዲህ ስሜንም ጻፉት» ያሉት። የአባታቸው ስም እንዲገባ አስምረውበታል።

ወረቀቱ እንዲህ ሆነ፤ ስሞቹን እዚህ አልለጥፍም፣ መጥታችሁ አንብቡ።

«ርዕስ የለውም። ሐሳብና ቅንብር፦ የሠዓሊዋ ስም። የአለላ ስፌትና የቀለም አደራደር፦ የሰፊዋ ስም። ፈትል፦ የአያትየዋ ስም። ሽመና፦ ስሙ ያልተገኘ ሸማኔ። ቁስ፦ በእጅ የተፈተለ ጥጥ፣ ስንደዶ፣ አክርማ፣ ምራን።»

ዋጋውን አልጻፍንም፤ «ሁለቱን ጠይቁ» ብለናል።

ነጭ ግድግዳ

አራት መስመር ስም። ቢያንስ ፊደሉ አነስ ይበል፤ ወረቀቱም ከሥራው በስተቀኝ ዝቅ ብሎ ይለጠፍ እንጂ ፊት ለፊት አይሁን።

የሸማኔ ልጅ

«ስሙ ያልተገኘ» ማለታችሁ መልካም ነው። «ያልታወቀ» ብላችሁ ቢሆን እጣላችሁ ነበር።

መንቆረር

ፊደሉ አነስ ይላል፣ ቦታውም በስተቀኝ ነው፤ ተስማምተናል። እንጨቱ ታልጓል፣ ከረጢቱ ተሰፍቷል። ማቀዝቀዣውንም አንድ ሆቴል አበድሮናል፤ ባለቤቱ የጠየቀው ነገር ቢኖር «ብሉ ወደ ሥጋዬ አይዛመትም?» የሚል ብቻ ነበር። ሁለት ሳምንቱ እንዳለቀ እንከፍታለን።

የቢቸናው

ያ ቡሉኮ ከተሸጠ ወዴት ይሄዳል? ከአገር እንዳይወጣ እንጂ።

መንቆረር

የሚገዛው ሰው ይወስዳል አያ፤ እኛ ጋለሪ እንጂ ጉምሩክ አይደለንም። ጋሼ የሸማኔ ልጅ ግን ዋጋውን በውስጥ መስመር ጠይቀውኛል፤ ለሁለቱም ነግሬያቸዋለሁ።

የዳንግላዋ

ስትከፍቱ ቅዳሜ ገበያ ውዬ ነው የምመጣው። እስከ ስንት ሰዓት ነው የምትቆዩት?

መንቆረር

እስከ 11 ሰዓት። ቅቤ ከገዛሽ ዕቃሽን በር ላይ ካለው ጠባቂ ጋር አስቀምጪ።